በለቅሶ ቤት የተዘጋው ኮምፒውተር

ግንቦት 9 ቀን 2084 ዓ.ም. ንጋት ላይ እናቴ ወይዘሮ ሶልያና ስታርፍ ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አባቴ አቶ ያፌት፣ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ኤልዳና፣ ጎረቤታችን ሐጂ አይመንና እኔ ልጇ ደርቤ። ሐጂ አይመን እናቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ መኪናቸውን በራችን ላይ አስነሥተው ነበር። አልደረስንም። ቤታችን ኮምቦልቻ ከተማ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ነው። የሳሎኑ ኮምፒውተር በዚያ ሰዓት እንደ ወትሮው በርቶ ነበር። ለዓመታት አልተዘጋም።

በከተማችን ቤት ሁሉ ኮምፒውተር አለው። ምድጃውም፣ በሩም፣ መብራቱም የሚታዘዙት ለእሱ ነው። የሚሰጠው በነፃ ነው። በነፃ ስለሆነም ጠዋት ምድጃው ከመቀጣጠሉ በፊት የስፖንሰር መልእክት ይሰማል፤ መልእክቱ ሲያበቃ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ሰምቻለሁ» ማለት አለበት። ካላለ መልእክቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ጎህ ሲቀድ በሰፈራችን መንገድ የሚያልፍ ሰው ከየመስኮቱ «ሰምቻለሁ»፣ «ሰምቻለሁ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዱ በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚለው። ሕፃናት «እማ»ን ካሉ በኋላ ቶሎ የሚይዙት ቃል ይኸው ነው።

በየሳምንቱ ደግሞ እድሳት አለ። ኮምፒውተሩ ራሱን ይዘጋና መልሶ ይከፍታል። ሲከፈት ያልተመዘገበ ፕሮግራም ካገኘ ያስወግዳል። ፕሮግራም ማስመዝገብ የሚችለው ድርጅት ብቻ ነው።

በእኛ ቤት «ሰምቻለሁ» አይባልም ነበር። የፕሮግራም እድር አባላት ነን። እንደ ቀብር እድሩ ዳኛ አለው፤ የእኛ ዳኛ ሐጂ አይመን ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ድሮ ሰዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምባቸው የተዉአቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ እድሩ ግልባጫቸውን በየአባሉ ቤት ከፋፍሎ ያስቀምጣል። አንዱ ፕሮግራም የስፖንሰሩን መልእክት ዝም ያሰኛል። አንዱ ምድጃውን ሳያስጠብቅ ያቀጣጥላል። አንዱ የተጨናነቀ ዲስክ ያጸዳል፤ ይህን የምንወደው ለአሮጌ ኮምፒውተር ነው። አንዱ ደግሞ እድሳቱን ያግዳል። የሚያግደው ግን ኮምፒውተሩ እስከ በራ ድረስ ነው። አንዴ ከተዘጋ እድሳቱ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል፤ ሥራውን ሳይጨርስም አይቆምም። ስለዚህ የእድሩ አባላት ኮምፒውተር አይዘጉም። መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ አላቸው። እናቴ የእኛን ማጥፊያ ቁልፍ በውሃ ጠርሙስ ክዳን ሸፍና ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋው ነበር።

ሌሎች አባላት ኮምፒውተራቸው ቢታደስባቸው የሚያጡት ጸጥታቸውን ነው። እኛ የምናጣው የአባቴን ንግግር ነበር።

አባቴ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ከዛለ በኋላ ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ወደ ቃል አልመለስ አለ። ፊደልም ጠፋበት። የራሱን ስም ጽፈን ብናሳየው እንደ ሐረግ ሥዕል ያየዋል። አእምሮው ግን ምንም አልሆነም፤ የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ በቀልዱ ይስቃል፣ በክፉው ይቆጣል። ሐኪሞቹ ታገሡ ብለው ሸኙን። ሐጂ አይመን ግን ከእድሩ ግልባጮች መካከል «ልሳን» የሚባል ፕሮግራም አምጥተው ጫኑልን። ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። በመግቢያው ላይ «ለእህቴ የሠራሁት ነው፤ ለእናንተም ከሆናችሁ ውሰዱት» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለ።

ልሳን የአባቴን ድምፅ ከሸሚዙ ክሳድ ላይ በተሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ይሰማና በቃላት ያወጣዋል። የሚናገርበት ድምፅ እንዲሆነው የድሮ ቅጂ ጠየቀን። ከሠርጋቸው ቪዲዮ ላይ አገኘን፤ አባቴ ለአማቶቹ ምስጋና ሲያቀርብ የተቀረጸ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽበታሙ አባቴ በሙሽራ ድምፅ ይናገር ጀመር። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ስትሰማ ማድ ቤት ገብታ ቆየች።

ልሳን ግን መጀመሪያ ምንም አያውቅም፤ መማር አለበት። ያልገባው ድምፅ ሲያጋጥመው ያንኑ መልሶ ያሰማና «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የምትመልሰው እናቴ ነበረች። እንዴት እንደምትለየው አላውቅም። ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ማጉረምረም ነው። እሷ ሽንኩርት እየላጠች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች፣ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ ነው ያለው» ትላለች። አባቴ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ልሳን ያንን ይይዛል።

አንዴ አባቴ አሳለ። ልሳን ሳሉን መልሶ አሰማና «ይህ ምን ማለት ነው?» አለ።

እናቴ ፈጠን ብላ «ሶልዬ ቆንጆ ናት ማለቱ ነው» አለችው።

አባቴ ግራ እጁን እያወናጨፈ አይደለም፣ አይደለም አለ። ሳቁ ግን አሸነፈው፤ ሲስቅ ደግሞ ያስላል። ልሳን ትምህርቱን ያዘ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ባሳለ ቁጥር ድምፅ ማጉያው በሙሽራ ድምፅ «ሶልዬ ቆንጆ ናት» ይላል። ጉንፋን በያዘው ሰሞን በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። እትዬ ኤልዳና ልትጠይቅ መጥታ ሰማችና፣

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! በዚህ ዕድሜሽ አታፍሪም?» አለች።

«እኔ ምን አደረግሁ? እሱ ነው የሚለው።»

«አስተምረሽው እኮ ነው!»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ሳይለኝ ቢቀር ነዋ ያስተማርኩት።»

በእንደዚህ ዓይነት ነገር ልሳን አባቴን ተማረው። እየቆየ ሲሄድ ጥያቄው ቀነሰ። አባቴ እንደ ድሮው ተሳዳቢና ተጫዋች ሆነ። ቅዳሜ ሐጂ አይመን ገና ከደጃፍ ሲታዩ ይጀምራቸዋል።

«ሐጂ፣ ዛሬ ፕሮግራም ልትሰጠን መጣህ ወይስ ምሳ ሸተተህ?»

«ምሳ ካለ ፕሮግራሙ ይቆየናል» ይላሉ ሐጂ ጫማቸውን እያወለቁ።

«ግባ፣ ሽሮ ነው፤ አትፍራ።»

በአንዱ ቅዳሜ ሐጂ አይመን አንድ ነገር አሳሰቡ። የፕሮግራሙ ግልባጭ በሦስት ቤት ተቀምጧል፤ ልሳን ከእኛ ቤት የተማረው ትምህርት ግን ያለው በእኛ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የእሱም ግልባጭ ሌላ ቤት ይቀመጥ አሉ። አባቴ እናቴን አያት።

«እኔና ሶልያና ስንጣላ የተባባልነው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ» አለ። «ስንታረቅ ያልነውም አለ። እሱ ሰው ቤት አይቀመጥም።»

«እውነቱን ነው፤ የሰደበኝን ሐጂ ቤት ይሰሙት?» አለች እናቴ።

ሐጂ ሳቁ። የእድሩም ደንብ የሰው ገመና አይገለበጥም ይላል። ነገሩ በዚያው ቀረ።

እናቴ ያረፈችው ቅዳሜ ቀን ነው። በዚያ ቀን ቤቱ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ እትዬ ኤልዳና ናት፤ እኔና ሐጂ አይመን ደጅ ነበርን። ድንኳን የጫነው መኪና መጥቶ እሱን እናስወርድ ነበር።

በከተማችን አንድ ቤት ከስፖንሰር መልእክት የሚያርፍበት ጊዜ ቢኖር ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ኮምፒውተሩን እስከ ሠልስት እንዲዘጋ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ሰው በሞተበት ቤት ዘመድ ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ኮምፒውተሩን መዝጋት ነው። ሳይዘጉት ማልቀስ ነውር ነው። ሟቹን የናቁ ያስመስላል። የሚዘጋው ደግሞ የሟቹ እህት ወይም ወንድም ነው፤ እናቴ ደግሞ ከእትዬ ኤልዳና በቀር አልነበራትም። እሷ የምትኖረው ደሴ ነው። የእድር አባል አይደለችም፤ የእኛ ኮምፒውተር እንደማይዘጋ የነገራት ሰው አልነበረም። እናቴ በሕይወት ሳለች ለመዝጋት የሚያበቃ ምክንያት ስላልመጣ ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም።

የሰፈሩ ሴቶች እያለቀሱ ገቡ። ሁለት ጎረቤቶች አባቴን ጥቁር ልብስ ሊያለብሱት ከመቀመጫው ደግፈው አነሡት። ሸሚዙን አወለቁለትና መልሰው አስቀመጡት። ማይክሮፎኑ ከሸሚዙ ጋር ሄደ።

እትዬ ኤልዳና ወደ ኮምፒውተሩ ስትሄድ አባቴ አያት። ጮኸ። ግራ እጁን ዘረጋ። ሊነሣ ሞከረና ወደ አንድ ጎን ተዘነበለ፤ ሰዎቹ ያዙት።

«አልቅስ፣ ያፌት፣ አልቅስ፤ ይውጣልህ» አሉት።

ደግሞ ጮኸ። አንዲት ጎረቤት ደረቷን እየደቃች «ወይኔ ሲያሳዝን! ይኸው ጠራት፣ ስሟን ጠራት» አለች። ጩኸቱን ሰምተው ሌሎቹም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አባቴ የሚለውን የምታውቀው አንድ ሰው ነበረች። እሷ መኝታ ቤት ተኝታ ነበር።

እትዬ ኤልዳና ክዳኑን አቧራ እንዳይገባ የተደረገ መስሏት ፕላስተሩን ልጣ አነሣችው። ቁልፉን ተጫነች። የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ጽሑፍ መጣ። መነጽሯን አላደረገችም፤ ዓይኗም በእንባ ተሞልቶ ነበር። ያለ መነጽር የለየችው «እሺ» የሚለውን ትልቁን ቃል ነው። እሱን ነካችው። ኮምፒውተሩ ጥቂት አጉረመረመና ጨለመ።

«ያን ጊዜ ዝም አለ» አለችኝ በኋላ። «እኔ እኮ ለቅሶው የወጣለት መሰለኝ።»

ከቀብር ስንመለስ የጨለመውን የኮምፒውተሩን መስተዋት አየሁት። ሐጂ አይመንም አዩት። እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝና «እስከ ሠልስት ማንም እንዳይነካው» አሉ። «እኔ እከፍተዋለሁ።»

እስከ ሠልስት ድረስ አባቴ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ ተቀበለ። ሰው እየመጣ እጁን ይጨብጣል። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል። እሱ አንዳች ነገር ይመልሳል። ሰውየው እንደ ገባው ሆኖ ራሱን ይነቀንቅና ሄዶ ይቀመጣል።

ሠልስት ካለፈ በኋላ ሐጂ አይመን መጥተው ኮምፒውተሩን ከፈቱት። አባቴ ወንበሩን ቀረብ አስደርጎ ነበር፤ ማይክሮፎኑንም አሮጌው ሸሚዝ ላይ ፈልጌ አድርጌለታለሁ። እድሳቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሲያበቃ የማናውቀው የሴት ድምፅ ተናገረን።

«እንኳን ደህና ተመለሳችሁ። ለረጅም ጊዜ ተለያይተን ነበር። ያልተመዘገቡ ፕሮግራሞችና ፋይሎቻቸው ለደኅንነታችሁ ሲባል ተወግደዋል። በደረሰባችሁ ሐዘን የተሰማንን እንገልጻለን። የዛሬውን መልእክት ያቀረበላችሁ የወንበርና የድንኳን አከራይ ድርጅት ነው።»

ከዚያ መልእክቱ ቀጠለ። እንዳለቀም እትዬ ኤልዳና ከማድ ቤት ሆና «ሰምቻለሁ» አለች። በልማድ ነው። ደሴ ባለው ቤቷ በየጠዋቱ የምትለው ነው። ምድጃው ተቀጣጠለ።

አባቴ ተናገረ። ኮምፒውተሩ ዝም አለ። እንደገና ተናገረ። ሐጂ አይመን ቁልፎቹን ሲነካኩ ቆዩ፤ በመጨረሻ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ያፌት፣ ልሳንን አመጣልሃለሁ። እሱ አለ» አሉት። «ትምህርቱ ግን ሄዷል።»

እትዬ ኤልዳና ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሽንኩርት የያዘ ሰሃን በእጇ እንደ ያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ ነኝ?» አለች። «ሐጂ፣ በእኔ ነው?»

«እህቴ፣ ወግ ነው ያደረግሽው።»

«ሲጮህ አጠገቡ ነበርኩ እኮ። አትዝጊው ማለቱ ነበር። አትዝጊው እያለኝ ነው የዘጋሁት!»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ለእህቷ ካለቀሰችው ይበልጥ በዚያ ቀን አለቀሰች። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ግራ እጁን ራሷ ላይ አደረገና አንድ ነገር ነገራት። ይቅር ያላት ይመስለኛል። በእርግጠኝነት ግን አላውቅም።

ሐጂ አይመን ከእድሩ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥተው ልሳንን ጫኑበት። አባቴ ተናገረ። ልሳን የተናገረውን መልሶ አሰማና ጠየቀ።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ እትዬ ኤልዳናን አየኋት።

«ውሃ ነው?» አልኩት አባቴን። አይደለም አለ በራሱ። «ራበህ? በረደህ?» አይደለም። «ስለ እናቴ ነው?» ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ስለ እሷ ምን?» አልኩ። ይህ በአዎንና በአይደለም የሚመለስ አይደለም። አባቴ እንደገና ተናገረ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነግር አድርጎ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ አወጣው። ልሳንም ቀስ አድርጎ መልሶ አሰማን።

«ይህ ምን ማለት ነው?»



በጣት ከሚጠቆመው ጀመርን። አባቴ ኩባያውን ያሳየናል፣ ድምፁን ያሰማል፤ እኔ «ኩባያ» እላለሁ። በሩን፣ ወንበሩን፣ ዳቦውን፣ እግሩን። በሦስተኛው ሳምንት ልሳን የቤቱን ዕቃ አብዛኛውን ያውቅ ነበር። ሊጠቆም የማይችለው ግን እንደ ነበረ ቀረ። ትናንትን የሚጠቁም ጣት የለም። ናፍቆትን፣ ቁጣን፣ ቀልድን፣ እናቴን፣ የምንጠቁምበት አቅጣጫ አልነበረንም። ለእናቴ ፎቶግራፏን ጠቁሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልሳን «ፎቶ» እያለ አስቸገረን።

አንድ ቀን አባቴ አሳለ።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አለ ልሳን።

ይህን እኔ አውቀው ነበር። እትዬ ኤልዳናም ታውቀው ነበር። ተያየን። ከዚያ እኔ ለልሳን መልሱን ነገርኩት። የሠርጉ ቪዲዮም ከልሳን ፋይሎች ጋር ስለ ተወገደ ልሳን የሚናገረው በራሱ ባዶ ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ «ሶልዬ ቆንጆ ናት» አለ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱ ማይክሮፎኑን ሳደርግለት እጄን ያዘኝ። አስቀምጠው ማለቱ እንደ ሆነ በዚህ ጊዜ ገባኝ።

አርባው እየደረሰ ነበር። በአርባው ላይ ባልየው ለመጣው ሰው ስለ ሚስቱ ጥቂት ቃል መናገርና ማመስገን አለበት። አባቴ ከእናቴ ጋር ስለኖረበት ዘመን በአርባው ላይ ካልተናገረ መቼም አይናገርም። ይህን እሱም ያውቃል። እንግዶች እንዴት እንደሚጠሩ ስንመካከር ወደ ራሱ አፍ እየጠቆመ እኔን ያየኝ ነበር።

እትዬ ኤልዳና ደሴ ደርሳ መጣች። ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

«የተመዘገበ ፕሮግራም አለ» አለች። «ንግግር የተያዘበትን ሰው የሚያናግር። ደሴ አንዲት ጎረቤቴ ለአባቷ ወስዳለች። መማር የለበትም፣ ወዲያው ነው የሚጀምረው። ያውም በነፃ!»

ሐጂ አይመን «ሳይማር ምን እንደሚል በምን ያውቃል?» አሉ።

«እኔ እንጃ። ብቻ ይናገራል። ዲዳ ሆኖ ይቅር እንዴ ታዲያ? አንደበቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልመልስለት።»

አባቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሳሎኑ ኮምፒውተር ላይ ተጫነለት። ድምፅ እንድንመርጥ ጠየቀን፤ «ረጋ ያለ አዛውንት» የሚለውን መረጥን። አባቴ አንድ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ወዲያው «ደህና ነኝ፤ አመሰግናለሁ። እናንተስ?» አለ። እትዬ ኤልዳና እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ እኔን አየኝ። ደህና ነኝ ብሎ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ማይክሮፎኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

በአርባው ቀን ድንኳኑ ሞላ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ከበላ በኋላ አባቴ ማይክሮፎኑን አድርጎ ከፊት ተቀመጠ። አባቴ ተናገረ። የተናገረው አጭር ነበር፤ ሁለት ጊዜ አቋረጠና ቀጠለ። ዓይኑን ከፍቶ ነበር።

ኮምፒውተሩ በድንኳኑ ድምፅ ማጉያ የተናገረው ግን ረዥም ነው።

«የተከበራችሁ ወዳጆቼ» አለ ረጋ ባለ ድምፅ። «ውድ ባለቤቴ ለሰው የምታዝን፣ ቤቷ ለእንግዳ ክፍት የሆነ፣ ከአፏ ክፉ ቃል የማይወጣ ሴት ነበረች። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። ዛሬ በአካል ብትለየኝም በልቤ ትኖራለች። ስለመጣችሁ፣ ስላጽናናችሁኝ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ሴቶቹ አለቀሱ። ከኋላዬ አንድ ሰው «እንዴት ያለ ንግግር ነው፣ ሰውዬው ድሮም አንደበተ ርቱዕ ነበር» አለ። ከዚያ የሴት ድምፅ «ይህን ንግግር ያቀረበላችሁ» ብሎ የድርጅቱን ስም ጠራ። መልእክቱ ሲያልቅ በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው፣ አንዳንዱ እንባውን እየጠረገ፣ «ሰምቻለሁ» አለ። ሁሉም በአንድ ላይ ስላሉት የጸሎት መልስ ይመስል ነበር።

ሐጂ አይመን ተነሥተው ወደ አባቴ ሄዱ። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አሉ።

«ያፌት፣ አንተ ነህ እንዲህ ያልከው?»

አባቴ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። በጉሮሮውም አንድ ቃል አወጣ።

«አዎ፣ ወዳጄ፣ እኔው ነኝ» አለ ኮምፒውተሩ። «ስለ ጥያቄህ አመሰግናለሁ።»

አባቴ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ፤ አሁን በኃይል ነበር። ድምፁ ከፍ አለ።

«በጣም ደህና ነኝ» አለ ኮምፒውተሩ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

በቅርብ የተቀመጡት ሰዎች «ይመስገን» አሉ።

አባቴ በግራ እጁ ማይክሮፎኑን ከክሳዱ ላይ ነቀለ። ክሩ ከሸሚዙ ጋር ስለተያዘ ጥቂት አስቸገረው። ላግዘው ስነሣ በዓይኑ ተው አለኝ። ከነቀለው በኋላ ሐጂ አይመን መዳፍ ውስጥ አስቀመጠውና ጣቶቻቸውን አጠፈባቸው። ሐጂ እንደ ተቀመጡ አለቀሱ። አባቴ አላለቀሰም። እትዬ ኤልዳና ከማዶ ሆና ሳህን ትሰበስብ ነበር፤ ይህን አላየችም። ሰውም ቀስ በቀስ መበተን ጀመረ፤ ሲወጡ አባቴን እየጨበጡ ስለ ንግግሩ አመሰገኑት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ኖረ። ማይክሮፎን አላደረገም፤ ለማንም ሰው ከራስ መነቅነቅ በቀር መልስ አልሰጠም። በጥር ወር 2087 ዓ.ም. በአንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ሆኖ ጠራኝና ረዘም ያለ ነገር ነገረኝ። አልገባኝም። በማግስቱ አረፈ፤ እናቴ አጠገብ ቀበርነው።